«ንጹህ» የተባለው ፈሳሽ

ላብራቶሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «ጥንዱስ» ነው የሚሏት። ነገሩ የመጣው ከመቀበያው መስኮት ነው። ከነርቭ ክፍል የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ይዞ የሚመጣ ሰው፣ ነርስም ይሁን ተላላኪ፣ ቱቦውን ገና ሳያስቀምጥ አንገቷን በመስኮቱ ብቅ አድርጋ «ጥንዱስ?» ትለዋለች። ጥንዱ ደም ነው። ከዚያው ሰው፣ በዚያው ቀን የተቀዳ ደም። ከሌለ ፈሳሹን ተቀብላ ፍሪጅ ውስጥ ታስገባና ሰውየውን በመጣበት እግሩ ትመልሰዋለች።

«እትዬ፣ ዶክተሩ እኮ ያዘዘው ፈሳሹን ብቻ ነው።»

«ዶክተሩ አንድ እግር ጫማ ብቻ ገዝቶ ያውቃል?»

ምክንያቷ የሥራ ምክንያት ነው። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው በሽታ የሰውነት መከላከያ በገዛ ነርቩ ልባስ ላይ ሲዘምት የሚመጣ ነው። በሽታው ባለበት ሰው አንጎልና ህብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ውስጥ፣ እዚያው የተመረቱ ፀረ እንግዳ አካላት አብዛኛውን ጊዜ ይገኛሉ። ፈሳሹ ጄል በሚባል ስስ ዝልግልግ ንጣፍ ላይ ተደርጎ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት እነዚህ ፕሮቲኖች በየቦታቸው ይቆሙና ቀጫጭን መስመር ሆነው ይታያሉ። ያው መስመር ደሙም ላይ ካለ ግን ከደም ሾልኮ የገባ ነው፤ ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። ፈሳሹ ላይ ኖሮ ደሙ ላይ ሲጠፋ ነው «እዚያው ውስጥ እየተመረተ ነው» የሚባለው። ያለ ደሙ ፈሳሹ ምንም አይናገርም። ተናገረም ቢባል፣ ሐኪሙ ከኤምአርአዩና ከሕመምተኛው ታሪክ ጋር አገናኝቶ ነው የሚወስነው። ላብራቶሪ ይደግፋል፣ አይፈርድም።

ይህን ለአዲስ ተቀጣሪ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ታስረዳለች። ሃያ ስድስት ዓመት አስረድታዋለች።

ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ ከሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ጎን። ከሰዓት በኋላ የእርጥብ አንሶላ ሽታ በበሩ ሥር ይገባል። መስኮቱ የሚያሳየው ግንብ ብቻ ነው። ካሉት ሦስት ፍሪጆች መካከለኛው ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፤ እሷ የምትደነግጠው ዝም ሲል ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ፈሳሽ መቅጃ ፒፔቶቿ በቁመታቸው ተሰልፈው ይቆማሉ፣ ያዛነፈባትን ሰው ሳታየው ታውቀዋለች። አግብታ ፈትታለች። ስለ ባሏ የሚጠይቅ ሲመጣ «ናሙናው ሲመጣም ተበላሽቶ ነበር» ብላ ጨዋታውን ትዘጋለች። ልጅ የላትም፤ እናታቸው ስትሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረችውን ታናሽ እህቷን ግን እንደ ልጅ አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ድራለች። ታናሿን ዛሬም ሚጡ ነው የምትላት። ሚጡ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው።

ሚጡ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ሰፊ ናት። ኮሌታ ከሸሚዝ ሁሉ ክፉው ቦታ ነው፤ ጫፉ ካልሾለ ሸሚዙ በሙሉ ይናቃል። ከሁለት ዓመት በፊት ግራ ዓይኗ በጭጋግ የተሸፈነ ያህል ሆኖባት ሦስት ሳምንት ቆየና ለቀቃት። ዓይን ሐኪም ቤት «ድካም ነው» አሏት። ዘንድሮ ደግሞ የጣቶቿ ጫፍ ደነዘዘ፤ መርፌ ይዛ መያዟን የምታውቀው በዓይኗ አይታ ነው። ከዚያ ወገቧን አንድ ሰው በመቀነት ጥርቅም አድርጎ እንዳሰራት ሆነ፣ ቀኝ እግሯ ደረጃ ላይ መጎተት ጀመረ። የፋብሪካው አለቃ «አውቃ ነው» አለ። ኤሌክትሪሺያን ባሏ «ጭንቀት ነው፣ አርፈሽ ብትተኚ ይለቅሻል» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ተሰብሮ የማይታይ ነገር አይገባውም። ጥንዱስ ራሷ እየጎተተች ወደ ነርቭ ሐኪም ወሰደቻት። ኤምአርአዩ ላይ ሁለት ነጫጭ ነጠብጣብ ታየ። ሐኪሙ ለመወሰን አልበቃውም። የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ይቀዳ ብሎ አዘዘ።

ፈሳሹ የተቀዳው ዓርብ ጠዋት ነው። ጥንዱስ ጋውኗን እንደለበሰች ወደ ላይ ወጥታ አልጋው አጠገብ ቆመች። ሚጡ በጎኗ ተኝታ፣ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ፣ አገጯን ደረቷ ላይ ቀብራለች። ሐኪሙ ወገቧ ላይ ቦታውን በአውራ ጣቱ ፈልጎ አደነዘዘና መርፌውን አስገባ። ጠብ፣ ጠብ እያለ አራት ቱቦ ሞላ። ጥንዱስ የመጨረሻውን ቱቦ ከነርሷ ተቀብላ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ከፍ አድርጋ አየችው።

«እትዬ፣ እንዴት ነው?» አለች ሚጡ ፊቷን ሳታዞር።

«ንጹህ ነው። እንደ ውሃ።»

ይህ ቃል የሙያ ቃል ነው። የምርመራ ቅጹ ላይ «መልክ» የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ላይ «ንጹህ»፣ «የደፈረሰ» ወይም «ደም የቀላቀለ» ተብሎ ይጻፋል። የደፈረሰ ከሆነ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ንጹህ ማለት ዓይን ያየው ነገር የለም ማለት ብቻ ነው። የመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕመምተኞች ፈሳሽ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ንጹህ ነው። ጥንዱስ ይህንን ከስሟ ይበልጥ ታውቀዋለች። በእጇ ሺህ ጊዜ የጻፈችው ቃል ከአፏ ወጣ፣ በቃ።

ሚጡ ማልቀስ ጀመረች። ጥንዱስ መርፌው ነው ብላ አሰበች።

«አይዞሽ፣ አለቀ። ቀጥ ብለሽ ተኚ፣ ራስ ምታት እንዳያመጣብሽ።» ከዚያ ወደ ነርሷ ዞረች። «ጥንዱስ?»

ነርሷ እየሳቀች ደሙን አሳየቻት። «ለእህትሽም አታዝኚም፣ እትዬ?»

«ለእህቴማ እንዲያውም።»

ላብራቶሪው የዘመድ ናሙና አያስነካም። ጥንዱስ ቱቦዎቹን ለሥራ ባልደረባዋ ለመነጽር አስረከበች። መነጽር የሚባለው አንዱን መነጽር ዓይኑ ላይ፣ ሌላውን ግንባሩ ላይ አድርጎ የሚውል፣ ሦስተኛውን ደግሞ የሚፈልግ ሰው ነው። ቱቦዎቹ ላይ ያለውን ስም ፍቆ ቁጥር ለጠፈበትና የቁጥሩን ዝርዝር መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። ጄሉ የሚሠራው በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ኬሚካሉ ለአንድ ሰው ተብሎ አይከፈትም።

ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ ጥንዱስ ወደ ሚጡ ቤት ጎራ አለች። ተኝታ ታገኛታለች ብላ ነበር። ሚጡ ከፋብሪካ መጥታ ገና ጫማዋን እያወለቀች ነው።

«ምን ትሠሪያለሽ አንቺ? ዕረፍት ላይ አይደለሽ?»

«ትናንት ገባሁ። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ትዕዛዝ መጥቷል፣ ኮሌታውን ሁሉ ለእኔ ስጡኝ አልኳቸው።» ሚጡ ትስቃለች። ስትስቅ ከታየች ወራት አልፈዋል። «አለቃውን ብታይው! ‹ዳንሽ እንዴ?› አለኝ። መጀመሪያም ንጹህ ነበርኩ አልኩት።»

ባሏ ከውስጥ ክፍል ፕላየር እንደያዘ ብቅ አለ። «አላልኩም፣ እትዬ? ጭንቀት ነው ብዬ ስንቴ ተናገርኩ? ሰው ባለሙያ ካልነገረው አይሰማም።»

«የምን ባለሙያ?»

«አንቺ ነሻ!» አለች ሚጡ። «‹ንጹህ ነው፣ እንደ ውሃ› ብለሽኝ የለ? ወዲያው ለእሱ ደወልኩለት። የመጪውን ሰኞ የዶክተር ቀጠሮም ሰርዤዋለሁ፣ ለታመመ ሰው ይሁን ብዬ።»

ጥንዱስ አፏን ከፈተች። ሚጡ ኩባያ ለማምጣት ስትነሳ ቀኝ እግሯ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተጠለፈ፣ ራሷ ሳቀችበት፣ ባሏም አብሮ ሳቀ። ጥንዱስ አፏን መልሳ ዘጋች። ሁለት ቀን ነው የቀረው፤ ሐሙስ ምንም ካልወጣ ማንም አልተጎዳም። እስከዚያ ትሳቅ። እንዲህ ብላ አሰበች። አንድ ቱቦ ጎደለ ብላ ነርስ አራት ፎቅ የምታስወጣው ሴት፣ ግማሽ ወሬ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ዝም ብላ ተቀብላ ሻይዋን ጠጣች።

ሐሙስ መነጽር ጄሉን ሠራ። ደሙን የፕሮቲኑ መጠን ከፈሳሹ እኩል እስኪሆን አቀጠነ፣ እያንዳንዱን ጥንድ ጎን ለጎን ጨመረ፣ ኤሌክትሪኩን ለቀቀ። ከሰዓት በኋላ መስመሮቹ ቀለም ይዘው ወጡ። ንባቡ በሁለት ሰው ነው። መነጽር አንብቦ ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠና ጥንዱስን ጠራት። የብርሃን ሳጥኑ ላይ ጎንበስ አለች።

«አንድ ቁጥር፣ ሁለቱም ባዶ። ሁለት ቁጥር፣ ፈሳሹም ደሙም አንድ ዓይነት፣ ከደም የመጣ ነው። ሦስት፣ ባዶ። አራት፣ ባዶ።» ፍጥነቷ የታወቀ ነው። «አምስት ቁጥር… ቆይ። ሰባት፣ ስምንት… ዘጠኝ። ፈሳሹ ላይ ዘጠኝ። ደሙ ላይ አንድም የለም። እንዴት ያምራል! ይሄንን ለተማሪ ማስቀመጥ ነው።»

መነጽር ፊቱን ወደ ፍሪጆቹ አዞረ።

«ምነው? አንተ ስንት አልክ?»

«ዘጠኝ።» ግንባሩ ላይ ያለውን መነጽር አወረደ፣ መልሶ ሰቀለው። «ልድገመው እንዴ? ለሚቀጥለው ሐሙስ?»

ያኔ የማን እንደሆነ ገባት። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። የብርሃን ሳጥኑ መብራት ፊቷ ላይ እንዳለ ነው። በልቧ የተመኘችው ሁለት ነገር ነበር፤ ወይ ባዶ፣ ካልሆነም ደሙ ላይ ያው መስመር ተገኝቶ ጣጣው ከሌላ ቦታ እንዲሆን። አሁን የደሙን ረድፍ እንደገና አየችው። ንጹህ ነው። እዚህ ላይ ንጹህ ማለት መርዶ ነው።

«የመቆጣጠሪያው ናሙና እንዴት ነው?» አለች።

«ልክ ነው።»

«ፈሳሹ በቅቷል?»

«ተርፏል።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚደገመው? አንድ ሳምንት ልትገዛልኝ ነው?» ተነሳች። «ኃላፊውን ጥራው፣ በእኔ ፋንታ እሱ ያንብብ። እኔ አልፈርምም።»

የክፍሉ ኃላፊ ወርዶ፣ የማን እንደሆነ ሳይነገረው አነበበ። ዘጠኝ አለ። ውጤቱ ታትሞ ወደ ሐኪሙ ሄደ። ጥንዱስ ወደ ነርቭ ክፍል ደውላ የተሰረዘችውን የሰኞ ቀጠሮ መልሳ አስያዘች። ከዚያ ፒፔቶቿን ደርድራ ወጣች።

ሚጡ ቤት ስትደርስ የልብስ ስፌት መኪናው እየሮጠ ነው። የተረፈ ኮሌታ ቤት ይዛ መጥታለች።

«እትዬ! ምን እግር ጣለሽ? ሐሙስ አይደል እንዴ፣ ጄልሽን ለማን ጥለሽው መጣሽ?»

ጥንዱስ ሳትቀመጥ ጀመረች። ከተቀመጠች እንደምታመነታ ታውቃለች። «ሚጡ፣ ያን ዕለት ንጹህ ነው ያልኩሽ መልኩን ነው።»

«የምኑን መልክ?»

«የፈሳሹን። አልደፈረሰም፣ ደም የለበትም ማለቴ ነው። ቅጹ ላይ እንደዚያ ነው የሚጻፈው። በሽታ የለብሽም ማለቴ አልነበረም። ያንን የሚያሳየው ጄሉ ነው።»

መኪናው ቆመ። ሚጡ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አላነሳችም። «ጄሉስ?»

«እሱን ዶክተሩ ይነግርሻል። የሰኞ ጠዋት ቀጠሮሽን መልሼ አስይዣለሁ።»

ባሏ ከሶፋው ተነሳ። «ቆይ፣ ቆይ፣ እትዬ። ባለፈው ንጹህ፣ ዛሬ ደግሞ መልኩን። ይሄ ላብራቶሪ ነው ወይስ የአየር ትንበያ?»

«አንተ ተወኝ፣ የኔ ወንድም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አይተሽዋል አይደል?» አለች ሚጡ።

«ውጤት የሚነግረው ሐኪም ነው።»

«ደግ ቢሆን ኖሮ ቆመሽ አታወሪኝም ነበር።»

ሚጡ ኮሌታውን ከመርፌው ሥር አውጥታ ጭኗ ላይ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ መልሳ አጠፈችው።

«ማክሰኞ መጥተሽ ስስቅ አየሽኝ። ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?»

«ሐሙስ እስኪደርስ ብዬ ነው። ምናልባት…»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ምናልባት የምትይው? ፋብሪካውን ሁሉ ንጹህ ነኝ ብዬ አዳርሻለሁ። አለቃውን አፉን አስይዤዋለሁ። አሁን ምን ብዬ ልግባ?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሌላው ሰው ሲዋሸኝ ያስታውቀኛል። አንቺ አትዋሺም ብዬ ነው ያመንኩት።»

«አልዋሸሁሽም።»

«እሱ ነው የባሰው።»

ሰኞ ሦስቱም ሄዱ። የሐኪሙ በር ሲከፈት ጥንዱስ አብራ ተነሳች። ሚጡ ሳታያት «አንቺ እዚህ ቆዪ» አለቻት። ጥንዱስ መልሳ ተቀመጠች። ኮሪደሩ ውስጥ የምታውቃቸው ነርሶች እያለፉ «ጥንዱስ፣ ዛሬ ማንን ልትመልሺ ነው?» ይሏታል። ትስቅላቸዋለች።

መጀመሪያ የወጣው ባልየው ነው። አጠገቧ ተቀመጠና መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። የቀኝ አውራ ጣቱ ላይ የተቃጠለ አሮጌ ጠባሳ አለ።

«የሽቦው ፕላስቲክ ማለት ነው አለኝ» አለ። «በነርቭ ላይ ያለው ልባስ። እሱ ነው እየተላጠ ያለው። መስመሩ ከኤምአርአዩ ጋር ሲደመር በቅቶኛል አለ።»

«አዎ።»

«የተላጠ ሽቦ አውቃለሁ እኮ፣ እትዬ። ወዲያው አያቃጥልም። መብራቱ ይሄዳል ይመጣል፣ ይሄዳል ይመጣል። ባለቤቱ አምፖሉ ነው እያለ አምፖል ይቀይራል። ስንት ቤት ሄጄ በሰው ስቄያለሁ።» አውራ ጣቱን አሸት አሸት አደረገው። «እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አምፖሉን ስሰድብ ነው የከረምኩት።»

ሚጡ ወጣች። የመድኃኒት ማዘዣውን ለባሏ ሰጠችው። ደረጃው ጋ ሲደርሱ የያዘችውም የእሱን ክንድ ነው። ጥንዱስ ቦርሳዋን ይዛ ሁለት ደረጃ ከኋላ ወረደች።

መድኃኒቱ ተጀምሯል። የተላጠውን አይመልስም፤ የሚመጣውን ያዘገያል፣ ያውም ካዘገየ። ሚጡ ፋብሪካውን ትታለች። አለቃው ቀለል ያለ ሥራ፣ አዝራር መቁጠር ሊሰጣት ፈልጎ ነበር፤ አሻፈረኝ አለች። ቤቷ ሆና የሰፈር ሰው የሚያመጣውን ትሰፋለች። ጥንዱስ በየማክሰኞው ትመጣለች። ሚጡ በር ትከፍታለች፣ ሻይ ታቀርባለች፣ ስለ ሕመሟ አታወራም። ጥንዱስም አትጠይቅም። ምድር ቤት ያለው ቅጽ ላይ «መልክ» የሚለው መስመር ሲደርስ አሁን «ቀለም የሌለው» ብላ ነው የምትጽፈው። ኃላፊው አንድ ቀን «ለምን ቃል አስረዘምሽ?» ሲላት «ቦታው ይበቃል» አለችው።

ባለፈው ማክሰኞ ሚጡ አንድ ሸሚዝ ጨርሳ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታው ነበር። ጥንዱስ ኮሌታውን በጣቷ አነሳችው። ሁለቱም ጫፍ እኩል ሾሏል፣ ክሩ ከጠርዙ እኩል ርቀት ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

«ንጹህ ነው» አለች።

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ሚጡ ከምትጠርገው ወለል ላይ ቀና አለች። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ትክ ብላ አየቻት።

«መልኩን ነው?»

ጥንዱስ መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ አደረገች፣ ኮሌታውን ገልብጣ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ከሥር በኩል ያለውን ስፌት ከዳር እስከ ዳር በጥፍሯ ተከተለችው። ጊዜ ወሰደች። ሚጡ ቆማ ጠበቀቻት።

«የላዩ ንጹህ ነው» አለች ጥንዱስ። «ከሥሩ ሦስት ቦታ ስቷል። እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም። ሲታጠብ ይተረተራል።»

ሚጡ አጠገቧ መጥታ ጣቷን በተባለው ቦታ ላይ አሳለፈች። ጣቷ ምንም አልነገራትም፤ ጎንበስ ብላ በዓይኗ ፈለገችው፣ አገኘችው።

«ስጪኝ» አለች፣ «ልፍታው።» ወንበር በእግሯ ወደ ጥንዱስ ገፋ አደረገችላት። «አንቺም ቁጭ በይ። የክሩን ጫፍ ያዢልኝ፣ እኔ አይያዝልኝም።»